ቬንትሌተር የሚመስለው ምልክት

ኮድቡር ውስጥ ብረት ለቅመው የሚሸጡ ተማሪዎች ስላሉን ይህን ጽሑፍ በተለይ ለእነሱ ብለን አዘጋጅተናል። ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ ሲነካም ወዲያው አያምም። ለዚህ ነው መያዣው ላይ ምልክት የሚለጠፈው፤ ቢጫ መደብ ላይ ባለ ሦስት ክንፍ ጥቁር ሥዕል። ችግሩ፣ ላልተማረው ሰው ይሄ ቬንትሌተር ነው የሚመስለው። እ.ኤ.አ. በ2000 ታይላንድ ውስጥ ብረት ለቃሚዎች ምልክቱ ያለበትን የኮባልት-60 መያዣ ፈቱት፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ። (ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለዓመታት ካንሰር ያከመበትም ኮባልት-60 ነው፤ ጉዳቱ ከመያዣው ሲወጣ ነው።)

እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ሌላ ምልክት አወጣ፤ ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ውስጡ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው። ይሄኛው ብዙ ማስረዳት አይፈልግም። ግን የሚለጠፈው ከመሣሪያው ሽፋን ሥር ስለሆነ የሚያየው መፍታት የጀመረ ሰው ብቻ ነው። ውጭ ያለው አሁንም ያው ባለ ሦስት ክንፉ ነው፤ ስለዚህ መምህራን፣ ሰሌዳ ላይ ሣሉላቸው። መያዣው ብዙ ጊዜ እርሳስ (የሚጻፍበት ሳይሆን ብረቱ) ስላለበት ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ለቃሚን የሚያጓጓውም ይኸው ክብደት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ካገኛችሁ፣ ምልክቱ ተልጦ እንኳ ቢሆን፣ አትንኩት፤ ራቁና ለፖሊስ ንገሩ።