ከቀለሙ በስተጀርባ፦ የስፖርት መኪናን የፊት ፓራውልት በቤት ውስጥ ስለ መቀየር



የዛሬው ርእሴ ከዚህ አዳራሽ ይልቅ ለጋራዥ የሚስማማ ይመስላል። የተሰነጠቀ የፊት ፓራውልትን አውልቆ ሌላ መግጠም ጥቂት መፍቻዎች፣ አንድ ረዳትና የግማሽ ቀን ጊዜ የሚበቁት ሥራ ነው። ሆኖም ሥራው ቀላል በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «የተጎዳው የትኛው ክፍል ነው? የቀየርነውስ የትኛውን ነው?» የሚል ነው።

«ፓራውልት» የሚለውን ቃል የጋራዥ ቋንቋችን የወሰደው ከጣሊያንኛው «ፓራውርቲ» ሲሆን፣ ትርጉሙ ግጭትን የሚመክት ማለት ነው። ቃሉ ሥራውን በትክክል ይገልጻል። የሚያሳስተው ግን ዛሬ በዚህ ስም የምንጠራው ቀለም የተቀባ ክፍል ብቻውን ግጭትን የማይመክት መሆኑ ነው።

ለምሳሌ ቶዮታና ሱባሩ በጋራ ሠርተው በ2012 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረቡትን፣ ቶዮታ 86 የተባለውን ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና እንውሰድ። የፊቱ ክፍል እንደ አብዛኞቹ የዘመኑ መኪኖች ሦስት ድርብ አለው። የመጀመሪያው የሚታየው ተጣጣፊ የፕላስቲክ ልባስ ሲሆን፣ ሥራው መልክ መስጠትና የአየርን ፍሰት መምራት ነው። ሁለተኛው ከልባሱ ጀርባ ያለው፣ ሲጨፈለቅ ኃይልን የሚውጥ ፎም ነው። ሦስተኛው ከመኪናው አካል ጋር በብሎን የታሰረው ጠንካራ አግዳሚ ነው። መካቹ እንግዲህ ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው።

ይህ አሠራር እንዲሁ የመጣ አይደለም። በአሜሪካ ከ1973 እ.ኤ.አ. ሞዴሎች ጀምሮ የመኪና ፊት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስ ግጭትን ችሎ የደኅንነት ክፍሎቹ ሳይጎዱ እንዲቀሩ በሕግ ተደነገገ። ግዴታው ከሁሉ ይልቅ ቀላልና ዝቅተኛ የሆኑትን የስፖርት መኪኖች አስጨነቀ። የእንግሊዙ ኤምጂቢ በ1974 አብረቅራቂውን የክሮም ፓራውልት ትቶ ወፍራም ጥቁር የጎማ አፍንጫ ለበሰ፤ ቁመቱም ከፍ እንዲል በመደረጉ የመንገድ አያያዙ ተጎዳ። ፖርሸ 911 ደግሞ በጎንና ጎኑ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ ጎማ ያለው ፓራውልት አመጣ። በ1982 የአሜሪካው መስፈርት ወደ 4 ኪሎ ሜትር ዝቅ አለ። በጊዜ ሂደት ንድፍ አውጪዎች መካቹን በፕላስቲክ ልባስ ሥር መደበቅን መረጡ። መኪናው አማረ፤ ተመልካች ግን መካቹን ማየት አቆመ።

የመካቹን ሥራ በቁጥር እንመልከት። ለስሌት እንዲመች የመኪናውን ክብደት 1,250 ኪሎ ግራም እንበል። በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የያዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት 770 ጁል ያህል ነው። ፍጥነቱ ወደ 8 ቢያድግ ጉልበቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ 3,090 ጁል ገደማ ይሆናል። 770 ጁሉ በ5 ሳንቲ ሜትር መጨፍለቅ ውስጥ ቢዋጥ አማካይ ኃይሉ 15,400 ኒውተን ገደማ ነው፤ መጨፍለቂያው 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን ወደ 77,000 ይዘልላል። ፎሙ የሚሰጠን እነዚያን ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ነው።

አሁን ወደ አፈታቱ እንለፍ። መኪናው ደልዳላ ስፍራ ቆሞ የእጅ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀላል። የኤርባግ ዳሳሾች ከፊት በኩል ስላሉ፣ የቶዮታ መመሪያዎች ከዚህ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅን ያዛሉ። ቀጥሎ ኮፈኑ ተከፍቶ ልባሱን ከራዲያተሩ በላይ የያዙት ክሊፖች ይወጣሉ፤ የእያንዳንዱን እምብርት በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ብሎ ማንሣት ይበቃል። ከዚያም ጎማዎቹ ወደ ጎን ተጠምዝዘው ልባሱ ከፓራፋንጎው ጋር በሚገናኝበት ጥግ ያሉት ማሰሪያዎች፣ በመጨረሻም ከሥር ያሉት ይፈታሉ። መኪናውን ማንሣት ካስፈለገ ክብደቱ በጽኑ የብረት መደገፊያዎች ላይ ይረፍ፤ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን ያስከፍላል። ልባሱ ከሁለቱ ጎኖች ወደ ውጭ ሳብ ሲደረግ ከመያዣ ጥርሶቹ ይላቀቃል። የጉም መብራት ካለው ሽቦው ገና ስላልተነቀለ፣ ረዳቱ ልባሱን ይዞ እስኪነቀል ይቆይ።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ አዲሱን ልባስ ለመግጠም ይቸኩላል። ዋናው ሥራ ግን የሚጀምረው አሁን ነው። ልባሱ ከተመታ በኋላ ወደ ቅርጹ የመመለስ ባሕርይ ስላለው፣ ውጪው ጥቂት ጭረት ብቻ እያሳየ ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ፎሙ ተሰንጥቋል? ተጨፍልቆስ ቀርቷል? አግዳሚው ተጣሟል? የታሰረባቸው ቦታዎች ተጨማደዋል? የተጨፈለቀ ፎም ዳግመኛ ያንኑ ኃይል አይውጥም፤ የተጣመመ አግዳሚም በመዶሻ ስለተቃና ብቻ የቀድሞ ብርታቱን አያገኝም። ሁለቱም ይቀየራሉ። አግዳሚው የታሰረበት የመኪናው አካል ራሱ ከተጣመመ ደግሞ ሥራው የቤት ሥራ መሆኑ ያበቃል፤ በመለኪያ ወደሚሠራ ባለሙያ መሄድ አለበት።

በስፖርት መኪና ላይ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። ክብደት ለመቀነስ ወይም ዝቅ ያለ ውጫዊ ቅርጽ ለመግጠም ሲሉ ፎሙንና አግዳሚውን አውጥተው የሚጥሉ አሉ። ከፋይበርግላስ የተሠራ ልባስም ከመተጣጠፍ ይልቅ መሰንጠቅ ይቀናዋል። እንዲህ የተለወጠ መኪና ከፊት ሲታይ ከቀድሞው ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ቀጥሎ የሚገዛው ሰው ግን ከቀለሙ ጀርባ ባዶ ቦታ እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ስለ ቀለሙም አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው ልባስ በፖሊፕሮፒሊን ላይ የተመሠረተ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ይህ ቁስ ቀለምን በቀላሉ አይቀበልም። በሚገባ ታጥቦና ሸካራ ተደርጎ ለፕላስቲክ የተዘጋጀ ማጣበቂያ ቅብ ካልቀደመ፣ ቀለሙ እንደ ልጣጭ ይነሣል። ከፊት ራዳር ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ደግሞ የቀለሙ ውፍረትና የራዳሩ አቀማመጥ የአምራቹን መመሪያ መከተል አለባቸው።

እንግዲህ በቤት ውስጥ መሥራትን አልቃወምም፤ ይልቁንም አበረታታለሁ። መኪናውን በእጁ የፈታ ሰው ከተመልካች የተሰወረውን መካች ያያልና። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልባሱ ወልቆ አግዳሚው በተገለጠባት በዚያች ሰዓት አትቸኩሉ፤ መርምሩ፣ ፎቶ አንሡ፣ መኪናውን ስትሸጡም ፎቶውን ለገዢው አሳዩ።