የዓባይን ልጅ መብራት ቸገረው፦ ሒሳቡን ለመጠየቅ የማን ፈቃድ ያስፈልገናል?

ከኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ እዚህ በኦክላንድና በሳን ሆዜ የማውቃቸው ሐበሾች ከሞላ ጎደል ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር። ያኔ በቦንድ ሽያጭ ስብሰባ በር ላይ ቆሞ «አገዛዙን አትርዱ» እያለ ይጮህ የነበረውም፣ በዚያው በር ገብቶ ቦንድ የገዛውም፣ ሁለቱም። እኔም ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋዋት፤ ሀገሪቱ ከዚያ በፊት ከገነባቻቸው የኃይል ማመንጫዎች ሁሉ ድምር የሚበልጥ ነው። ነገር ግን ውድ አንባብያን፣ ጭብጨባው ጋብ ሲል ሦስት ጥያቄዎች ይቀራሉ። ይህ መብራት የሚደርሰው ለማን ነው? በስንት ዋጋ? ዋጋውን የሚቆርጠውስ ማን ነው? ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚህ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ግን ከአንድ ወሬ እንገላገል። ሹማምንቱ በየዓለም አቀፉ ጉባኤ እየተነሡ «ኢትዮጵያ ወደ ታዳሽ ኃይል እየተሸጋገረች ነው» ይሉናል። ለመሆኑ ከየት ተነሥተን ነው የምንሸጋገረው? መቼ በድንጋይ ከሰል ነበርን? ቆቃ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ ሥራ የጀመረው በ1960 ነው። ጢስ ዓባይ በ1964፣ ፊንጫ በ1973፣ መልካ ዋከና በ1988 ተከተሉ። በንጉሡም፣ በደርግም፣ በኢሕአዴግም ዘመን አምፖላችንን ያበራው የወንዝ ውሃ ነው። ኋላ ላይ የአዳማና የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ተጨመረበት። ካሊፎርኒያ በ2018 ባወጣችው ሕግ እስከ 2045 ድረስ ልደርስበት እሻለሁ ያለችው ቦታ ላይ እኛ ከድሮም ተቀምጠናል፤ ኩራዝ ይዘን ነው እንጂ። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ዛሬም የኤሌክትሪክ መብራት አያውቅም። የገጠር እናት የምታበስለው በማገዶና በኩበት ነው። ስለዚህ ሽግግር የሚባል ነገር ካለ፣ ከኩበት ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ የሚደረገው ነው። እሱ ደግሞ በጉባኤ ንግግር አይመጣም። ሽቦ፣ ትራንስፎርመርና የሚቻል ዋጋ ይፈልጋል።

ምጣድን ካነሣሁ አይቀር እዚያው ወጥ ቤት ልቆይ። በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ መብራት የሚበላው የእንጀራ ምጣዱ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። አንድ ሰፈር ሙሉ በአንድ ጠዋት ምጣድ ሲጥድ ትራንስፎርመሩ ቢያቃስት አይፈረድበትም። ሊጧ ኩፍ ብሎ መብራት የሄደባት ሴት ምን እንደምትል ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም። እኛ ስደተኞቹ ደግሞ በብዛት የምንጋግርበት ክብ ምጣድ ለኖርዌይ ቂጣ መጋገሪያ ተብሎ የተሠራ ነው። የኖርዌይ ስደተኛ ለእናቱ ቂጣ የገዛው ዕቃ የኛን ናፍቆት ሲወጣልን ሳስበው እስካሁን ይገርመኛል። ሳን ሆዜ ያለች እህቴ የምትጋግረው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከ10 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ የመብራት ዋጋ ስለሚንር። አዲስ አበባ መብራት ሲኖር ይጋገራል፣ ሳን ሆዜ መብራት ሲረክስ ይጋገራል።

ሲረክስ አልኩ እንጂ እዚህ ርካሽ የሚባል መብራት የለም። የሰሜን ካሊፎርኒያው ኩባንያ ፒጂ ኤንድ ኢ በ2024 ከመኖሪያ ቤት ደንበኞቹ በአማካይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 40 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ያስከፍል ነበር። በአሜሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት ዋጋዎች አንዱ ነው። ኩባንያው ቅዱስ አይደለም። በ2018 ፓራዳይዝ የምትባለውን ከተማ ያወደመውና 85 ሰው የፈጀው ሰደድ እሳት የተነሣው ከራሱ መስመር ነው፤ በ2020 ፍርድ ቤት ቀርቦ በ84 ሰዎች ሞት ጥፋተኛ ነኝ ብሏል። በመካከሉ ኪሣራ አውጆ ነበር። መስመሩን ከእሳት ለመጠበቅ የሚያወጣው ገንዘብ ዞሮ ዞሮ ከደንበኛው ሒሳብ ይለቀማል። እንዲያም ሆኖ በ2024 ያተረፈው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለምን አወራለሁ? አሜሪካንን ለማመስገን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል። ነገሩ ወዲህ ነው። በ2023 ኩባንያዎቹ ከየቤቱ በገቢ መጠን የሚለያይ ወርኃዊ መደበኛ ክፍያ እንዲጣል ጠየቁ። የፒጂ ኤንድ ኢ ጥያቄ ለባለ ከፍተኛ ገቢው ቤት እስከ 92 ዶላር ይደርስ ነበር። ሀገር ተንጫጫ። ጉዳዩ በግዛቱ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን ፊት አንድ ዓመት ያህል ተሟገተ፤ ሰነዱ ሁሉ ለማንም ክፍት ነበር። በግንቦት 2024 ኮሚሽኑ ለብዙኃኑ 24 ዶላር ከ15 ሳንቲም፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነው 6 ዶላር ብሎ ቆረጠ። ብዙ ሰው አሁንም ተቆጥቷል፣ ቁጣውም መሠረት አለው። ግን የተቆጣው ቁጥሩን ስላየ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። የሳን ሆዜ ከተማ ከ2018 ጀምሮ ለነዋሪዎቿ ኃይል የምትገዛ የራሷን መሥሪያ ቤት አቁማለች። የኦክላንድና የአካባቢዋ ከተሞች በጋራ ያቋቋሙት ተመሳሳይ ድርጅትም በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ፤ በ2023 ስሙ ተቀይሮ አቫ ተብሏል። ኃይሉን ከነፋስም ከፀሐይም የሚገዙት እነሱ ናቸው፣ ፒጂ ኤንድ ኢ በሽቦው ያደርሰዋል። ከሳን ሆዜ መንገድ ተሻግራ ያለችው ሳንታ ክላራ ደግሞ ከ1896 ጀምሮ የመብራት ድርጅቱም ሽቦውም የራሷ ነው። ከኦክላንድ በድልድይ የምትገናኘው የአላሜዳ ደሴት ከ1887 ጀምሮ እንዲሁ። የሳንታ ክላራ ነዋሪ የሚከፍለው ከጎረቤቱ የሳን ሆዜ ነዋሪ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ ሁለት ሐበሾች አንድ ዓይነት እንጀራ በሁለት ዓይነት ዋጋ ይጋግራሉ ማለት ነው። የሳንታ ክላራና የአላሜዳ መብራት የሕዝብ ነው ሲባል፣ ዋጋ ሲጨመር ስብሰባው በአደባባይ ነው፣ በጀቱም ታትሞ ይወጣል።

የኛም መብራት ኃይል የሕዝብ ነው ይባላል። በ1956 በንጉሡ ጊዜ ከተቋቋመ ጀምሮ ስሙን ደጋግሞ ሲቀይር፣ በ2013 ለሁለት ሲከፈል፣ የሕዝብ መሆኑ አንድም ቀን አልተካደም። ታሪፉስ? ከ2006 እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ አንድ ቦታ ቆመ። ለመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት በኪሎዋት ሰዓት 27 የኛ ሳንቲም ገደማ። ርካሽ ነበር? አዎ፣ ሲኖር። በ2008፣ በ2009 አዲስ አበባ በፈረቃ ስትበራ ስትጠፋ ከረመች። ፋብሪካው ጄኔሬተር ገዛ፣ ድሃው ሻማ ገዛ። የሻማው ዋጋ ታሪፉ ላይ አልተጻፈም እንጂ ውድ መብራት ያ ነበር። በ2019ም ጊቤ ሦስት ውሃ አጠረው ተብሎ ፈረቃው ተመለሰ፣ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠውም ቆመ። ሁሉን እንቁላል በአንድ ቅርጫት፣ ሁሉን መብራት በዝናብ ላይ ማድረግ ምን እንደሚያመጣ ከዚህ በላይ አስተማሪ አያሻም።

ከዚያ ወዲህ ዋጋው ተነሣ። በ2018 መጨረሻ በአራት ዓመት የሚዳረስ ጭማሪ ተጀመረ። በ2024 ደግሞ ብር በሐምሌ እንዲንሳፈፍ በተደረገ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በየሩብ ዓመቱ እየተጨመረ አራት ዓመት የሚዘልቅ አዲስ ታሪፍ መጣ። ጭማሪ ፈጽሞ አይደረግ የሚሉ ወገኖች አሉ፤ እኔ ከነሱ ጋር አይደለሁም። በ2006 ዋጋ በ2024 ትራንስፎርመር አይገዛም። የኃይል መሥሪያ ቤቱ ዕዳ ተቆልሎ መንግሥት በ2021 ለዕዳ ማራገፊያ ኮርፖሬሽን እስከማቋቋም ደርሷል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ኑሮ በተወደደበት ሰሞን በየሦስት ወሩ የቆጣሪ ካርድ የሚከብድባት እናት፣ ሌላው ገዢ በስንት እንደሚገዛ የማወቅ መብት አላት ወይስ የላትም?

ሌላው ገዢ ማን ነው? በ2022 መጨረሻ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ በሚገባው ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ በሆነ መስመር ኃይል መሸጥ ተጀመረ። ዋጋው 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ይህን የነገረን የኬንያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው፤ እነሱ ለሕዝባቸው ማሳወቅ ግዴታቸው ስለሆነ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ከ21 የቢትኮይን ድርጅቶች ጋር ውል እንዳለ ተሰማ፤ ከሁለቱ በስተቀር ሁሉም የቻይና ናቸው። ዋጋቸው ከ3 የአሜሪካ ሳንቲም ጥቂት ከፍ ያለ ነው የተባለው፣ በዶላር የሚከፈል። ቢትኮይን ማለት ለማያውቅ፣ ሺሕ ኮምፒዩተሮች ቀንና ሌሊት ቁጥር እየቀመሩ ኤሌክትሪክን ወደ ገንዘብ የሚለውጡበት መጋዘን ነው። ሠራተኛው ጥቂት፣ ፍጆታው እንደ ከተማ። ሳንታ ክላራም ከከተማዋ ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላዩን የሚወስዱት የኮምፒዩተር ማዕከሎች ናቸው። ልዩነቱ የሳንታ ክላራ እናት መብራቷ አይጠፋም፤ ስለ ማዕከሎቹም የከተማው ምክር ቤት ፊት ቆማ መናገር ትችላለች። የትርፍ ኃይል ሽያጭ ዶላር ያመጣል የሚለውን ክርክር ሰምቻለሁ፤ ሚዛን የሚደፋም ነው። ግማሹ ሕዝብ ኩራዝ ይዞ «ትርፍ» የሚባለው ከምን የተረፈ እንደሆነ ግን ይነገረን።

«ገንዘቡ የአንተ አይደለም፣ ምን አገባህ?» የሚለኝ ካድሬ አይጠፋም። ስለ ገንዘቡ እናውራ እንግዲህ። መሠረቱ በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተጣለ በኋላ ቦንዱ በየአሜሪካ ከተማ ተዞሮ ተሸጧል። በሀገር ቤት ደግሞ ከመምህሩም ከወታደሩም ደመወዝ ተቆርጧል። የአሜሪካ የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ ተቆጣጣሪ በሰኔ 2016 እንዳስታወቀው፣ ከ2011 እስከ 2014 ከ3,100 የሚበልጡ የአሜሪካ ነዋሪዎች ወደ 5.8 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቦንድ ገዝተዋል። ሽያጩ ግን በሕጉ መሠረት አልተመዘገበም ነበር። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ለገዢዎቹ እንዲመለስ። ልብ በሉ፤ ምዝገባ ማለት ለገዢው ሒሳቡን ግልጽ አድርጎ ማሳየት ነው። ዋሽንግተን ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የጠየቀልንን አዲስ አበባ ያለ አንድም መሥሪያ ቤት አልጠየቀልንም።

በሀገር ቤት የሆነውማ ይታወቃል። ዋናው ግንባታ ያለ ጨረታ ለጣሊያኑ ሳሊኒ ተሰጠ። የብረታ ብረቱና የኤሌክትሮ መካኒካሉ ሥራ ለወታደራዊው ሜቴክ ተሰጥቶ ዓመታት ባከኑ፤ በነሐሴ 2018 ውሉ ተነጠቀ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ የግድቡ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ መስቀል አደባባይ በመኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ምርጫ ቦርዱም ፓርላማውም «የሕዝብ» በሚባልበት ሀገር፣ የሜቴክ ገንዘብ የት እንደገባ ከዳር እስከ ዳር ተመርምሮ የቀረበ ሒሳብ እኔ አላየሁም፤ ያየ ካለ ይላክልኝ።

መሠረታችሁ የሌላ ሀገር ነው ብለው የጊቤ ሦስትን ተቃዋሚዎች ያጥላሉ የነበሩትንም አስታውሳለሁ። ኢንተርናሽናል ሪቨርስ የተባለው ድርጅት ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ በኛ አካባቢ ነበር። ስለ ኦሞ ሸለቆና ስለ ቱርካና ሐይቅ ነዋሪዎች ያነሣው ጥያቄ የኛ ጥያቄ መሆን ነበረበት። ግድብ አይሠራ በሚለው አልስማማም፤ ወንዙ ዳር ያለው ሰው ምን ደረሰበት ብሎ መጠየቅን ግን ፀረ ልማት ያሰኘው ፍርሃት ነው። ዛሬም ከፍተኛው መስመር በአናቱ ላይ የሚያልፍበት፣ እሱ ግን ቆጣሪ የሌለው ገበሬ አለ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባል የለ፤ አሁን ደግሞ መብራት።

እንግዲህ በኦክላንድም በሳን ሆዜም ላለን፣ ያኔ ለገዛነውም ላልገዛነውም፣ የምለው ይህን ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አምባሳደር ወይም የኃይል መሥሪያ ቤት ልዑክ ለሌላ መዋጮ ሲመጣ፣ ሦስት ወረቀት ይዞ እንዲመጣ እንጠይቀው፦ የቢትኮይኖቹን ውል፣ የቦንዱን ሒሳብ፣ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት መብራት የሚገባላቸውን ወረዳዎች ዝርዝር። አዳራሹን ለመከራየት እኔ አዋጣለሁ፤ ሻዩም በኔ።