የትምህርት ቤትን ኮምፒውተር አላግባብ የተጠቀመ ተማሪ ቅጣቱ ምን ይሁን?

ከአዋሽ ከተማ ተነሥተን በሰመራ፣ በሎግያና በአይሳኢታ አድርገን እስከ አፋምቦ ድረስ ስንዘዋወር፣ ተማሪዎች የትምህርት ቤት ኮምፒውተርን አላግባብ ሲጠቀሙ በብዛት ሲወሰድ ያየነው ቅጣት በማናቸውም የሥነ ሥርዓት ደንብ ውስጥ የተጻፈ አይደለም። ቅጣቱ የክፍሉን በር መቆለፍ ነው። አንድ ተማሪ የይለፍ ቃል ይለውጣል፣ ወይም በትምህርት ሰዓት ጨዋታ ሲጫወት ይገኛል፤ ርእሰ መምህሩም ንብረቱ በእርሱ ፊርማ የተመዘገበ ነውና ይደነግጣል፤ ቁልፉን ኪሱ ያስገባል። ያጠፋው አንድ ልጅ ሲሆን የተቀጣው መላው ትምህርት ቤት ይሆናል። አቧራ ለብሰው ዓመት ያለፋቸው ኮምፒውተሮች ጥቂት አይደሉም።

ጉዳዩ ለሰበካ ጉባኤያት ባዕድ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን በልዩ ልዩ አህጉረ ስብከት ትምህርት ቤቶችን ታስተዳድራለች፤ በሌሎችም ቦታዎች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውስጥ ያገለግላሉ። በውጭ ሀገር ያሉ ምእመናን የላኳቸው ያገለገሉ ኮምፒውተሮችም በየሰንበት ትምህርት ቤቱ እየገቡ ነው። ስለዚህ «ይህን ልጅ ምን እናድርገው?» የሚለው ጥያቄ አንድ ቀን ወደ እኛ መምጣቱ አይቀርም።

በአፋምቦ ጥያቄው ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ወረዳው ከጅቡቲ ጋር የሚዋሰን፣ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በሐይቆች መካከል የሚቀርበት ምድር ነው። ግመልና ፍየል ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ቤተሰብ አንድ ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስቀምጥ አንድ እረኛ ያጣል። ያ ልጅ «ወላጅህን አምጣ» ተብሎ ቢሰናበት፣ ወላጁ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ ሊሆን ይችላል፤ ልጁም አባቱን ፍለጋ ወጥቶ በዚያው ከመንጋው ጋር ይቀራል። በአዲስ አበባ የሁለት ሳምንት እገዳ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያበቃል። በዚህ ግን የልጁ ትምህርት መጨረሻ ሊሆን ይችላል። ቅጣት የሚወስን ኮሚቴ አስቀድሞ ሊመዝነው የሚገባ ይህን ነው።

ከቅጣት በፊት ደግሞ ምርመራ ይቀድማል። በዚህ ቆላ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይደርሳል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ማራገቢያ በአቧራ ሲታፈን ሙቀቱን ማስወጣት ይሳነዋል፤ ማሽኑም ራሱን ለመጠበቅ በድንገት ይጠፋል። መብራት ሲቆራረጥ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይል ይበላሻል። በፍላሽ የሚተላለፈው ቫይረስ ደግሞ ፋይሎችን ይሰውርና በቦታቸው ሐሰተኛ ምልክት ያስቀምጣል፤ ላላወቀ ሰው «ተማሪው አጠፋው» ያሰኛል። ፋይሉ ግን ተሰውሮ እንጂ ጠፍቶ አይደለም። ፍላሹም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ የተማሪ ሳይሆን ፈተና ሊያሳትም ከተማ ደርሶ የተመለሰ መምህር ፍላሽ ነው። አቧራና ሙቀት በሠሩት ጥፋት ልጅ እንዳይቀጣ፣ ከኮሚቴው ስብሰባ በፊት ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ማሽኑን ቢያይ መልካም ነው።

ጥፋቱ በእርግጥ የልጁ ሲሆን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ምን አስቦ አደረገው የሚለው ነው። ለዚህ ትምህርት የሚሆን ታሪክ ሩቅ አይደለም። ከአዳማ ወደ አዋሽና ወደ አፋር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ወለንጪቲ ትገኛለች። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በወለንጪቲ አካባቢ ባለ አንድ መንደርና በወንጪ፣ በየመንደሩ ለ20 ያህል ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት፣ ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶችን በፀሐይ ኃይል ከሚሠራ መሙያ ጋር ሰጥቶ ነበር። አስተማሪ ግን አልመደበላቸውም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ማብሪያውን አገኘው፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ በስሕተት ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ የታብሌቱን መቆለፊያ አልፈው ከፈቱት።

ድርጅቱ ይህን እንደ ታላቅ ውጤት ለዓለም አወራው። ይኸው ድርጊት በአንዱ ትምህርት ቤታችን ቢፈጸም «የተከለከለ ነገር መነካካት» ተብሎ በክስ መዝገብ ላይ በሰፈረ ነበር። ሁለቱ በሁሉም አንድ ናቸው አንልም፤ ታብሌቶቹ የተሰጡት ለልጆቹ ሲሆን፣ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ግን ከልጁ በኋላ የሚመጡ ብዙዎች የሚጠብቁት የጋራ ንብረት ነው። ቢሆንም ልጁ ሊያውቅ ፈልጎ የከፈተውንና ሊጎዳ ፈልጎ የሰበረውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍርድ ማጉደል ይሆናል።

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን የሚያስፈራሩት በሕግ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ከሦስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከብር 30,000 እስከ 50,000 በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ነገር ግን አዋጁን የሚያነብ ሰው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግንም አብሮ ማንበብ አለበት። በዚያ ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለውም የአዋቂ ቅጣት አይፈጸምበትም። ሕጉ ለእነዚህ ልጆች ካዘጋጃቸው እርምጃዎች አንዱ በትርፍ ሰዓታቸው በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስነው ለዕድሜያቸው የሚስማማ ሥራ እንዲሠሩ ማድረግ ነው። የወንጀል ዳኛ እንኳ ጥፋተኛውን ልጅ በትምህርት ቤት ሊያቆየው ሲችል፣ የትምህርት ቤት ኮሚቴ ከትምህርት ቤት ለማስወጣት የሚቸኩልበትን ምክንያት ማየት አልቻልንም።

ስለ ድብደባ ብዙ መናገር አያስፈልግም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ ልጅን በአፋምቦ ፀሐይ ማንበርከክም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። አለንጋ በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ለረጅም ዘመን መኖሩን የሚጠቅሱ አባቶች አሉ። ይሁን እንጂ ዲድስቅልያ ጳጳሱን የሚመስለው በሐኪም ነው፤ ሐኪምም ሌላውን መድኃኒት ሁሉ ሳይሞክር አካል አይቈርጥም። ካህን ለንስሐ ልጁ ቀኖና ሲሰጥ ዕድሜውን፣ አቅሙንና የበደሉን ዓይነት አይቶ እንደሆነ ለአንባብያን ካህናት መንገር አያሻንም። በኮምፒውተር ክፍል የምንጠይቀውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

የአፋር ሕዝብም በዚህ ረገድ የሚያስተምረን አለው። መድኣ የተባለው ባህላዊ ሕጋቸው ጉዳትን በየደረጃው ለይቶ ካሣውን ይወስናል። ዳጉ የተባለው የመረጃ ልውውጥ ደግሞ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር የሚነጋገሩበት ሥርዓት ነው፤ ሐሰት ያወራ ሰው በማኅበረሰቡ ይጠየቅበታል። ለአፋር ልጅ «በኮምፒውተር የሐሰት ወሬ አታሠራጭ» ከማለት ይልቅ «ይህም ዳጉ ነው» ማለት ይበልጥ ይገባዋል። አፋርኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍም ልጁ ፊደሉን በኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ በቀጥታ ያገኘዋል፤ እኛ ለአማርኛ ስንፈልገው የኖርነው ፕሮግራም ለእርሱ አያስፈልገውም።

እንግዲህ በተግባር ምን ይደረግ? በማሽኑና በደንቡ ላይ ብቻ የተፈጸመ ጥፋት፣ ማለትም ጨዋታ መጫን፣ ቅንብር መለወጥ፣ የይለፍ ቃል መቀየር፣ በዚያው ቀን በመምህሩ ፊት የሚያልቅ ነው። ልጁ ያበላሸውን ራሱ ይመልስ፤ እንዴት እንዳደረገውም ለመምህሩ ያሳይ። ከዚያም ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻውን ሳይሆን መምህር ባለበት ብቻ ይጠቀም። ማሽኑ ተሰብሮ ከሆነ ብዙዎች ወላጁን ማስከፈል ይመርጣሉ። የስክሪን ዋጋ ግን በአርብቶ አደር ቤት የሚከፈለው ፍየል ተሸጦ ነው፤ ኪሳራው ከልጁ ይልቅ በቤተሰቡ ላይ ያርፋል፤ በቀጣዩ ዓመት እኅቱን ትምህርት ቤት ያስቀራል። ስለዚህ ሆን ተብሎ ካልተሰበረ በቀር ካሣው በሥራ ቢሆን እንመርጣለን፤ ክፍሉን ማጽዳት፣ የኮምፒውተሮቹን ሽፋን ማልበስ፣ ታናናሾቹን መጻፍ ማለማመድ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ፈትቶ መጠገን ግን የልጅ ቅጣት ሊሆን አይገባም።

በሰው ላይ የተፈጸመ ጥፋት ሌላ ነው። የሴት ተማሪን ፎቶግራፍ ማሠራጨት፣ በሌላ ሰው ስም በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም መጻፍ፣ የፈተና ወረቀት መስረቅ፣ ሃይማኖትንና ብሔርን መስደብ በአንድ ቀን ተግሣጽ አያበቃም። እዚህ ላይ ብዙ ኮሚቴዎች ጊዜያቸውን ሁሉ ለአጥፊው ይሰጣሉ፤ ፎቶግራፏ የተሠራጨባት ልጅ ግን በኀፍረት ወይም በቤተሰብ ውሳኔ ትምህርቷን አቋርጣ ተገኝታለች። መጀመሪያ መጠበቅ ያለባት እርሷ ናት። ማስረጃው ሳይሰረዝ በኃላፊ እጅ ይቆይ፤ ሥርጭቱ ይቁም፤ ወላጆቿን ሴት መምህር ታነጋግራቸው። ከባድ ከሆነም በሽምግልና ሳይሸፈን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ይድረስ። የጥላቻ ንግግርን በሚመለከትም አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንዳለ ኮሚቴው ይወቅ።

በዚህ ክልል ለሚያገለግሉ ካህናት አንድ ልዩ ማሳሰቢያ አለን። ከሚዳኙት ልጆች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። በኮሚቴ የተቀመጠ ካህን ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ «በሃይማኖቱ ምክንያት ተቀጣ» የሚል ወሬ ከተነሣ፣ በአንድ ኮምፒውተር የተጀመረው ነገር የሁለት ማኅበረሰብ ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ ደንቡ ጥፋት ሳይፈጸም፣ በዓመቱ መጀመሪያ፣ በአፋርኛም በአማርኛም ለወላጆች ይነበብ። የጎሣ ሽማግሌና የመስጊድ አባት በኮሚቴው ይኑሩ። የክርስቲያን ልጅ ሲያጠፋም ያው መጠን ያለ ቅናሽ ይፈጸምበት፤ ይህን ሁሉም ሰው ያያል።

የመጨረሻው ነገር መዝገብና ቁልፍ ነው። በየኮምፒውተሩ ቁጥር ይጻፍ፤ ተማሪው ሲገባ ስሙን፣ ሰዓቱንና ያገኘውን ብልሽት በአንድ ደብተር ይመዝግብ። ይህ ብቻ «ማን አበላሸው?» የሚለውን ክርክር አብዛኛውን ያስቀራል፤ ከእርሱ በፊት የተበላሸውን ያስመዘገበ ልጅም በሌላው ጥፋት አይጠየቅም። የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ በአንድ ሰው ኪስ ሳይሆን በሁለት ሰው እጅ ይሁን፤ ርእሰ መምህሩ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ቁልፉ አብሮት የሄደባቸው ትምህርት ቤቶች ገጥመውናልና።