ቢጫን ከቢጫ ማን ይለየው?

በሰሜን ባሕር የነዳጅ ማውጫ ላይ የሚሠራ ሰው ሥራ የሚገባው በአውቶቡስ አይደለም። ከስኮትላንዷ አበርዲን ሄሊኮፕተር ተሳፍሮ ነው። ቀን ሲሆን ደህና። በክረምት ግን በዚያ አገር ገና በዘጠኝ ሰዓት መጨላለም ይጀምራል፤ አብራሪውም ነፍስ ተሸክሞ፣ ጥቁር ባሕር መሐል አንዲት ጠባብ መድረክ ፈልጎ ማረፍ አለበት።

ችግሩ የመብራት እጦት እንዳይመስላችሁ። ብርሃኑማ ሞልቶ ተትረፍርፏል! ማውጫው ራሱ ከላይ እስከ ታች በቢጫ አምፖል ያሸበረቀ ነው። የማረፊያው ዳር መብራቶችም ቀድሞ ቢጫ ነበሩ። ለእርዳታ የተተከለው ፓውዛ ደግሞ ሊያርፍ የደረሰውን አብራሪ ዓይን ይወጋል።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዳሩ መብራት አረንጓዴ እንዲሆን ደነገገ። እንግሊዞች ደግሞ በፓውዛው ፈንታ ወለሉ ላይ በቢጫ የሚበራ ክብ፣ በመሐሉም በአረንጓዴ የሚበራ «ኤች» ፊደል አስገቡ። አብራሪው ከሩቅ አረንጓዴውን ዳር፣ ሲቀርብ ክቡን፣ ይበልጥ ሲቀርብ ፊደሉን ያያል።

እኔን ያስገረመኝ የክቡ ነገር ነው። አብራሪው ከጎን ሲቀርብ ክቡ ሞላላ ሆኖ ይታየዋል፤ ከሚገባው በታች አብዝቶ ከወረደ እንደ ክር ይቀጥናል። መሣሪያ ሳያነብ ዓይኑ ይነግረዋል።

መድረኩ ላይ አደጋ ካለ፣ ለምሳሌ ጋዝ ካፈተለከ፣ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ያኔ ማንም አያርፍም።