«በ3.13 ይቀበሉኛል?»

ምዕራብ ሐረርጌ፣ ቦኬ ላይ ኬሚስትሪ የሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር አለ እንበል። ማስተርስ መማር ይፈልጋል፤ ጭሮ በሄደ ቁጥር የተማረ ሰው ካገኘ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ድምር ውጤቴ 3.13 ነው፤ ይቀበሉኛል?» አንዱ «በደንብ እንጂ!» ይለዋል፤ ሌላው «ዝም ብለህ አትልፋ» ይለዋል። ሁለቱም ትራንስክሪፕቱን አላዩም።

አገር ውስጥ ለሚማር ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ሲሆን በመጀመሪያው ዙር ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከዚያ ደግሞ ብዙዎች «ጋት» የሚሉት የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። ይህኛው ስለ ኬሚስትሪ አይጠይቅም። የቋንቋ፣ የስሌትና የማመዛዘን ፈተና ነው። ክረምቱን ሙሉ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲከልስ ከርሞ ፈተናው ላይ የእንግሊዝኛ ምንባብ የሚጠብቀው ሰው ያሳዝነኛል። ጋት ያላለፈ ሰው ውጤቱ 3.9 ቢሆንም በሩ አይከፈትለትም።

አሁን ወረቀቱን እንዘርጋው። መምህራችን አንደኛ ዓመት ላይ በ34 ክሬዲት ያገኘው 2.5 ነው፤ ከዚያ በኋላ በወሰዳቸው 100 ክሬዲቶች 3.35 አምጥቷል። ሲደመር 3.13 ይመጣል። ከቤት ርቆ፣ ዶርም ገብቶ፣ በማያውቀው ከተማ የተማረው የመጀመሪያ ዓመት ነው ውጤቱን የጎተተው። ገምጋሚ ይህን ያያል፤ ካላየም በማመልከቻው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሳየት ነውር የለውም። ቀጥሎ የኮርሶቹን ግሬድ በየዘርፉ ማየት ነው። አናሊቲካል ላይ ኤ እና ቢ ፕላስ፣ ፊዚካል ኬሚስትሪ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ሲ ካለው፣ በአናሊቲካል ያመለከተ እንደሆነ ጠንካራ ተወዳዳሪ ነው፤ በፊዚካል ካመለከተ ግን ያው ሰው፣ ያው 3.13፣ ደካማ ሆኖ ይታያል። «ኬሚስትሪ ልማር» ማለት ስለዚህ አይበቃም፤ የቱን?

ከግሬዱ ቀጥሎ የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ይመዘናል፤ ብዙዎች የሚንቁት እሱን ነው። መምህራችን የሐረርጌ ቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን ለክቷል እንበል፦ ቡናውን ፈጭቶ፣ በውኃ አፍልቶ፣ ካፌይኑን በዳይክሎሮሜቴን ለይቶ በ276 ናኖሜትር ብርሃን መለካት። ርዕሱን ብቻ ጽፎ ያለፈ ሰው ምንም አልተናገረም። ስንት ጊዜ ደጋገመው? መብራት ሲጠፋ የተቋረጠውን ልኬት ምን አደረገው? ይህን በራሱ ቃል የሚያስረዳ ሰው ላብራቶሪ የገባ መሆኑ ይታወቅለታል። ከምዕራብ ሐረርጌ የሚያመለክት ሰው ደግሞ ጥያቄ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም። ጫት የሚጭኑት አይሱዙዎች ለምን እንደዚያ እንደሚበሩ ማንም ያውቃል፤ ቅጠሉ ከጠወለገ ዋጋ የለውም። ከኬሚስትሪው ወገን ሲታይ፣ ካቲኖን የሚባለው ዋናው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነው። ካቲኖን ራሱ ተለይቶ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ነው። ከዚህ ተነስቶ ግማሽ ገጽ የምርምር ሐሳብ የጻፈ አመልካች «ለሳይንስ ካለኝ ጥልቅ ፍቅር የተነሳ» ብሎ ከሚጀምር አሥር ሰው ይሻላል።

ቦታው የሚያልቀው ደግሞ በአመልካቹ ድክመት ብቻ አይደለም። አማካሪ መምህርና የሚሠራ መሣሪያ ይወስነዋል፤ የተማሪው ቁጥር ካነሰም ክፍሉ ላይከፈት ይችላል። በመሥሪያ ቤት ስፖንሰርነት የሚማርና በራሱ ከፍሎ የሚማርም እኩል ሒሳብ የላቸውም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ ነባር ነው፤ ድህረ ምረቃ ማስተማር ከጀመረ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፈላጊውም ያን ያህል ነው። ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ለቦኬ ልጅ ይቀርባል፤ ጭሮ ውስጥ ደግሞ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አለ። ከማመልከት በፊት በተፈለገው ዘርፍ ዘንድሮ ተማሪ የሚቀበል አማካሪ መኖሩን ወደ ትምህርት ክፍሉ ደውሎ መጠየቅ የአንድ ስልክ ሥራ ነው።

ውጭ አገርን የሚያስብ ሰው ሒሳቡ ይለያል። አውሮፓ ለዶክትሬት አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ይጠይቃል። አሜሪካ ግን በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ በቀጥታ ለዶክትሬት ማመልከት ይቻላል፤ የተቀበሉትን አብዛኛውን ጊዜ ክፍያውን ሸፍነው፣ ላብራቶሪ እያስተማሩ የሚኖሩበትን ደመወዝ ይሰጧቸዋል። ጂአርኢ ከሚባሉት የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናዎች የኬሚስትሪው እንደ እነሱ አቆጣጠር በ2023 ቀርቷል፤ ጠቅላላውን ጂአርኢም ብዙ ክፍሎች ትተውታል። ፈተና ሲቀር ክብደቱ የሄደው ወደ ሪኮመንዴሽን ነው። «ጎበዝና ታታሪ ተማሪ ነበር» የሚል ደብዳቤ ከባዶ ብዙም አይሻልም፤ ፕሮጀክቱን ያማከረው መምህር ያየውን ቢጽፍ ግን ከግሬድ ይበልጣል። የማመልከቻው ክፍያ በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ አምስት ቦታ ማመልከት ለአንድ መምህር ቀልድ አይደለም። ክፍያውን እንዲያነሱለት በኢሜይል ቢጠይቅ የሚያነሱለት ክፍሎች አሉ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ይጀመር፦ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት። ከሬጅስትራር በቀጥታ ነው የሚላከው፤ የወጪ መጋራቱ ጉዳይ ካልተዘጋ ሊያዝ ይችላል። ማመልከቻው የሚዘጋው ኅዳር ላይ ከሆነ፣ መምህራችን ፋይሉን ለማፈላለግ ወደ ተማረበት ዩኒቨርሲቲ መሳፈር ያለበት ሰኔ ላይ ነው፤ የተማሪዎቹን ፈተና አርሞ እንደጨረሰ።