ከሠርግ በፊት በሮማ ጎዳና

ሠርግ በአገር ቤት ሲሆን ሥራው ብዙ ነው። ድንኳን ይተከላል፣ ጠጅ ይጣላል፣ ሚዜውም ወዲያና ወዲህ ሲል ይሰነብታል። በሰው አገር ሲሆን ግን ሚዜ በእግሩ ከመዞር በቀር ሌላ ተግባር የለውም። እኛም ሦስት የትምህርት ቤት ጓደኞች በሰኔ ወር ሮማ ላይ የገጠመን ይኸው ነበር። አንደኛው መሐንዲስ፣ ሁለተኛው የታሪክ መምህር፣ ሦስተኛው እኔ ነኝ። ሙሽራው ለእርሻ ትምህርት ሄዶ እዚያው ሥራ የያዘ ባልንጀራችን ሲሆን፣ ሙሽሪት የሮማ ተወላጅ ናት።

ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። በኢጣልያ ሕግ የውጭ አገር ሰው ለማግባት ሲፈልግ፣ ጋብቻውን የሚከለክል ነገር እንደሌለ የሚገልጽ ማስረጃ ከአገሩ ባለሥልጣን ማቅረብ አለበት። ባልንጀራችን ይህን ወረቀት አግኝቷል። ያላገኘው የአባቱን ምርቃት ነበር። አባት «አታግባ» አላሉትም፤ «መርቄሃለሁ»ም አላሉትም። በቴሌፎን በተነጋገሩ ቍጥር፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል የኖሩትን አርበኛ አባታቸውን እያነሡ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብለው ዝም ይላሉ።

በዚያ ቀን ጧት ጕዟችንን የጀመርነው ቴርሚኒ ከተባለው ትልቁ የባቡር ጣቢያ ነው። በጣቢያው ፊት ያለው ሜዳ «የአምስቱ መቶ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደ ሆኑ የታሪክ መምህሩ ነገረን። ጥር 19 ቀን 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የኢጣልያ ጦር ወታደሮች ናቸው። ከዚያው አቅራቢያ ከግብጽ የመጣ ጥንታዊ ሐውልት ለመታሰቢያቸው ቆሟል። መሐንዲሱ የሙታኑን ስም ዝርዝር ትንሽ ካነበበ በኋላ «ለእነዚህም እናት ነበረቻቸው» አለ። ሙሽራው ምንም አልተናገረም።

ወደ ኮሎሴዎም ስንወርድ ከአንድ ቡና ቤት ገባን። በሮማ ቆሞ የሚጠጣና ተቀምጦ የሚጠጣ ሰው ብዙ ጊዜ እኩል አይከፍልም። ይህን ያልሰማው መሐንዲስ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሒሳቡ ሲመጣለት ከእኛ እጥፍ ሆኖ አገኘው። ሙሽራው ከጧት ጀምሮ የሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በኮሎሴዎም አጠገብ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ። ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫችን ዋዜማ ማታ፣ አበበ ቢቂላ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ የፈጸመው እዚህ ነው። መሐንዲሱ «እስቲ እኔም ልሞክር» ብሎ ጫማውን ቢያወልቅ፣ በሰኔ ፀሐይ የጋለው ድንጋይ አስጮኸው።

ከቅስቱ ወደ ደቡብ የሚወስደውን ጎዳና ይዘን፣ አበበ የመጣበትን መንገድ ወደ ኋላ ተከተልነው። ጎዳናው ከፖርታ ካፔና አደባባይ አደረሰን። የፋሺስት መንግሥት ከአገራችን የዘረፈውን የአክሱም ሐውልት በ1930 ዓ.ም. የተከለው በዚህ ነበር። አበበም በዚያች ማታ በዚሁ ሐውልት አጠገብ አልፏል። ኢጣልያ የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ብትገደድም፣ 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት ለአገሩ የበቃው በሚያዝያ ወር 1997 ዓ.ም. ነው። አክሱም ላይ የቆመውም በ2000 ዓ.ም. ነው። ከአደባባዩ ዳር ያለው ትልቅ ሕንጻ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ታስቦ የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ይሠራበታል።

ሙሽራው ከአንድ ጥላ ሥር ቆመና «ይህን ቦታ ያሳየችኝ እርሷ ናት» አለን። «ገና በተዋወቅን በሁለተኛው ወር ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብላ እዚህ አምጥታ ሁሉን ነገረችኝ።»

«ይህን አባትህ ያውቃሉ?» አለ የታሪክ መምህሩ።

«አያውቁም። ነገሩን ባነሣው ቍስላቸው ይብሳል ብዬ ፈራሁ።»

«ቍስላቸውን እርሳቸው ራሳቸው በየቀኑ እያነሡት አንተ ምኑን ትደብቃለህ? አሁኑኑ ደውል!»

ደወለ። እኛ ጥቂት ራቅ ብንልም ንግግሩ ይሰማን ነበር። ነገሩን ከሥሩ አስረዳቸው። አባት ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም «ድንጋዩ በእርግጥ ከዚያ ተነሥቷል?» ብለው ጠየቁ።

«ተነሥቷል፣ አባባ። አገሩ ገብቷል።»

«እርሷስ ይህን ሁሉ ታውቃለች?»

«ለእኔ የነገረችኝ እርሷ ናት እኮ።»

«የአባቶቿን በደል ያልደበቀች ልጅ አንተን ምን ትደብቅሃለች! በል፣ የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ። ቅልቅሉ ግን በእኔ ቤት ነው፤ ይዘሃት ና!»

ባልንጀራችን ቴሌፎኑን በእጁ እንደ ያዘ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። እኛም እንዳላየን ሆነን ስለ ምሳ መነጋገር ጀመርን።

በሁለተኛው ቀን አበበ ሩጫውን ከጀመረበት ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ላይ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ቀይ አዳራሽ ተጋቡ። ሹሙ ከፍትሐ ብሔሩ ሕግ 143ኛውን፣ 144ኛውንና 147ኛውን አንቀጽ አነበበላቸው። ባልና ሚስት እኩል መብትና እኩል ግዴታ እንዳላቸው፣ እንዲተማመኑና እንዲረዳዱ፣ ልጆቻቸውንም እንዲያሳድጉ የሚያዝ ነው።

ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ባሕር የምትሻገሩ ወጣቶች ብዙዎች ናችሁ። ከመካከላችሁም በሰው አገር ትዳር የሚይዝ አይጠፋም። በሁለት ሕዝቦች መካከል ያለፈውን ክፉ ነገር ለፍቅር ሲሉ መሸፈን የሚበጅ ይመስላል። እኔ ግን በፖርታ ካፔና ያየሁት ሌላ ነው። አባትን ያስታረቃቸው የተረሳው ሳይሆን፣ የተነገረው ነገር ነው።