ጭስን ማጣራት ለምን አቃተ?

እ.ኤ.አ. በ1952 ሎሪላርድ የተባለው የአሜሪካ የትምባሆ ኩባንያ «ኬንት» የሚል አዲስ ሲጋራ ለገበያ አቀረበ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኬንት መመኪያ ጫፉ ላይ የተገጠመለት «ማይክሮናይት» የተባለ ፊልተር ነበር፤ ማስታወቂያዎቹም ለአጫሹ ጤና የታሰበበት የሳይንስ ውጤት ነው እያሉ አሞገሱት። በፊልተሩ ውስጥ የነበረው ግን ክሮሲዶላይት፣ ማለትም ሰማያዊ አስቤስቶስ ነው። ከሙያ አንጻር ብቻ ሲታይ ምርጫው ሞኝነት አልነበረም፤ የአስቤስቶስ ክሮች እጅግ ቀጫጭን ስለሆኑ የጭስን ብናኝ በመያዝ የሚስተካከላቸው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ያው ቅጥነታቸው ወደ ሳንባ ዘልቀው እዚያው እንዲቀሩ ያደርጋቸዋል። አስቤስቶሱ በ1956 እስኪወጣ ድረስ 13 ቢሊዮን ያህል እንዲህ ያለ ሲጋራ ተሽጧል። ፊልተሩ ይሠራበት በነበረው የማሳቹሴትስ ፋብሪካ በ1953 ተቀጥረው የነበሩ 33 ወንዶችን የተከታተለ ጥናት በ1989 ታትሟል፤ በሌላው ሕዝብ የሞት መጠን ቢሰላ ከእነዚህ ሰዎች መሞት የነበረባቸው 8 ያህል ሲሆኑ፣ የሞቱት 28 ነበሩ።

ታሪኩን የስግብግብነት ታሪክ አድርጎ ማንበብ ይቀላል፤ ስግብግብነቱም አልጠፋበትም። እኔ ግን ከሥሩ ያለው ችግር ሌላ ይመስለኛል። ሲጋራን «ንጹሕ» ለማድረግ ለአሥርት ዓመታት የደከሙ ኬሚስቶች የከሸፉት ችሎታ አንሷቸው ሳይሆን የተሰጣቸው ጥያቄ መልስ ስላልነበረው ነው። ምክንያቱን ለማየት ጭሱ እንዴት እንደሚወለድ ማወቅ ያሻል። አጫሹ ሲስብ የሲጋራው ፍም ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። ከፍሙ ትንሽ ወደ ኋላ ያለው ቅጠል ግን ሙቀቱ ይደርሰዋል እንጂ የሚበቃውን ኦክስጅን አያገኝም፤ ስለዚህ በወጉ ከመቃጠል ይልቅ ይፈራርሳል። ኒኮቲኑ የሚተንነው እዚህ ነው፤ ቅጠሉ ውስጥ ያልነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ ውሕዶች የሚፈጠሩትም እዚሁ ነው። እንፋሎቱ ወደ አጫሹ አፍ ሲጓዝ ይቀዘቅዝና ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያነሰ ስፋት ወዳላቸው ጠብታዎች ይለወጣል። በጭሱ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ተለይተዋል፤ ከመካከላቸው 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ ናቸው። የፊልተር ሠሪው ጭንቅ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ወንፊት ዱቄቱን ከፍሩሽካው የሚለየው ሁለቱ በመጠን ስለሚለያዩ ነው፤ በሲጋራ ጭስ ውስጥ ግን አጫሹ የሚሻው ኒኮቲንና ካንሰር የሚያመጣው ታር በአንዲት ጠብታ ውስጥ አብረው ነው የሚጓዙት። ጠብታዋን ያስቀረ ፊልተር ሁለቱንም ያስቀራል፤ ያሳለፈም ሁለቱንም ያሳልፋል።

ዛሬ በአብዛኛው ሲጋራ ጫፍ ላይ ያለው ነጭ ነገር ጥጥ ይመስላል እንጂ ጥጥ አይደለም፤ ሴሉሎስ አሲቴት የተባለ የፕላስቲክ ክር ነው። ከጠብታዎቹ የተወሰኑትን ይይዛል፤ አጥብቀው ቢጠቀጥቁት የበለጠ ይይዛል፣ ነገር ግን ያኔ ሲጋራው ለመሳብ ይከብዳል፣ ለአጫሹም ባዶ ይሆንበታል። ከሰል የተጨመረባቸው ፊልተሮች ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ይዘው መጡ። በልዩ ዘዴ የተዘጋጀ ከሰል እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት እንደ አክሮሊን ያሉ የሚኮሰኩሱ ጋዞችን ገጹ ላይ ያጣብቃል፤ ይህ እውነተኛ የኬሚስትሪ ሥራ ነው፣ በ1963 የወጣው «ላርክ» ሲጋራም የተሸጠው በዚሁ ነው። ይሁንና ልብን የሚጎዳው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሰሉ ላይ አይጣበቅም፤ እንዳለ ያልፋል። ታሩን በተሸከሙት ጠብታዎችም ላይ ከሰሉ ከተራው ፊልተር የተለየ ኃይል የለውም። በ1967 ደግሞ ሮበርት ስትሪክማን የተባለ ኬሚስት ታርንና ኒኮቲንን በእጅጉ ይቀንሳል የተባለ ፊልተር ለኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለዓለም በአዋጅ አበሰረ። ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ እጁን ሰብስቦ ወጣ። አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስሙን እንዲህ ያስያዘው ሰው ሁሉ ያን ፊልተር አጥብቆ ይመኝ ስለነበር ይመስለኛል።

ኩባንያዎቹ ራሳቸው ከዚህ ምኞት የቀደመ ግንዛቤ ነበራቸው። የአር ጄ ሬይኖልድስ ኬሚስት ክላውድ ቲግ በ1953 ጭስ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጥ የፊልተር ቁስ እንዲሠራ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ለውጡ ለማጣራቱ የሚፈይደው እምብዛም እንደሌለና ለሽያጭ ግን ጥቅሙ ግልጽ እንደሆነ አልሸሸገም። አጫሹ የጠየመውን ጫፍ እያየ «ይህ ሁሉ ሳንባዬ ሊገባ ነበር» ብሎ እንዲጽናና ማለት ነው። ቀጥሎ የመጣው ዘዴ ከዚህም ረቀቅ ያለ ነበር፤ የፊልተሩን ወረቀት በጥቃቅን ቀዳዳዎች መብሳት። በ1967 የአሜሪካ መንግሥት ሲጋራን የሚለካው በደቂቃ አንዴ፣ ለሁለት ሴኮንድ፣ 35 ሚሊ ሊትር በሚስብ ማሽን ነበር። በቀዳዳዎቹ የሚገባው አየር ጭሱን ስለሚያቀጥነው ማሽኑ ዝቅተኛ ታር ይመዘግባል፤ ሲጋራውም «ላይት» ተብሎ ይሸጣል። ሰው ግን ማሽን አይደለም። ሰውነቱ የለመደውን ኒኮቲን እስኪያገኝ ድረስ አጥልቆና አዘውትሮ ይስባል፤ ቀዳዳዎቹንም ሳያውቀው በከንፈሩና በጣቱ ይደፍናቸዋል። በ2014 የወጣው የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም ሪፖርት በአጫሾች ላይ አዴኖካርሲኖማ የተባለው የሳንባ ካንሰር ዓይነት የመጨመር አደጋው ከ1950ዎቹ ወዲህ በሲጋራ አሠራር ላይ ከመጡ ለውጦች ጋር የተያያዘ መሆኑን አስፍሯል። ኢትዮጵያ በ2014 ያጸደቀችው ዓለም አቀፉ የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በአንቀጽ 11 «ላይት» እና «ማይልድ» የመሳሰሉ አሳሳች መጠሪያዎችን ከማሸጊያ ላይ ለማስቀረት የሚያስገድደው በዚህ የተነሳ ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ይህ ሁሉ ቢሆንም ጥቂት መርዝ ከብዙ መርዝ አይሻልም ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለሳንባ ካንሰር መልሱ በከፊል አዎን ነው፤ የሚጨሰው ሲጋራ ባነሰ መጠን አደጋውም ያንሳል። ልብ ግን እንዲህ አይቆጥርም። በ2018 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ትንተና በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው ከማያጨስ ሰው አንጻር ያለበት ተጨማሪ የልብ ሕመም አደጋ 20 የሚያጨስ ሰው ካለበት ተጨማሪ አደጋ ግማሽ ያህል እንደሚሆን አሳይቷል። ጭሱን በ20 ከፍለን 19ኙን እጅ ብናስቀር እንኳ ልብ ላይ ያለው ተጨማሪ ጉዳት በግማሽ ገደማ ብቻ ይቀንሳል ማለት ነው፤ የትኛውም ሰው የሚያጨሰው ፊልተር ደግሞ ወደዚያ አልተጠጋም።

ፊልተሩ ካልሆነ ቅጠሉን እንለውጥ ያሉም ነበሩ። በ1960ዎቹ ቴክሳስ ውስጥ ከሰላጣ ቅጠል «ብራቮ» የሚባል ሲጋራ ተሠርቶ ነበር። ኒኮቲን የለውም፤ ሲቃጠል ግን እንደማንኛውም ቅጠል ታርና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። የብሪታንያው ኢምፔሪያል ቶባኮ ከኬሚካል ኩባንያው አይሲአይ ጋር ሆኖ ከሴሉሎስ የቀመመው ምትክ ትምባሆ በስኮትላንድ አርዲር ልዩ ፋብሪካ ተሠርቶለት በ1977 ክረምት ገበያ ወጣ። አብዛኞቹ ሲጋራዎች ምትኩን ከእውነተኛው ትምባሆ ጋር ቀላቅለው ነበር የቀረቡት፤ አጫሾች ጣዕሙን ጠሉት፣ የጤና ወገኖችም አልደገፉት፣ በወራት ውስጥ ወደቀ። ሴሉሎስ የቅጠል ሁሉ አካል ነው፤ እሱን ለይቶ ማቃጠል ጭሱን ቀለል ያደርገዋል እንጂ ጭስነቱን አይለውጠውም።

ለክርክሬ ከሁሉ የሚከብደው ግን የሊጌት የትምባሆ ኩባንያ ሥራ ነው። ጄምስ ሞልድ የተባለው ኬሚስትና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ ትምባሆው ላይ ፓላዲየምና ማግኒዥየም ናይትሬት ጨምረው፣ በቃጠሎው ወቅት የሚፈጠሩ አንዳንድ ካንሰር አምጪ ውሕዶችን መቀነስ ችለው ነበር፤ ታሩ በተቀባባቸው አይጦች ላይም የዕጢው ቁጥር ቀንሷል። ሲጋራው ግን ለገበያ አልቀረበም። ሞልድ በኋላ በፍርድ ቤት ሲመሰክር ነገሩን ያቆሙት ጠበቆቹ መሆናቸውን ተናግሯል፤ አንዱን ሲጋራ «የተሻለ» ማለት ሌሎቹን ሁሉ ጎጂ ናቸው ብሎ ማመን ይሆንባቸው ነበር። እንግዲያስ ያከሸፈው ኬሚስትሪው ሳይሆን ጠበቃው ነው ቢባል ያስኬዳል። ነገር ግን ፓላዲየሙ የሚቀንሰው ከሺዎቹ ውሕዶች መካከል የተወሰኑትን ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱንና የቀረውን ጭስ አላስቀረም። በ2001 ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ገበያ የወጣው «ኦምኒ» ሲጋራም ጠበቃ ሳይከለክለው ገዢ አጥቶ ቀርቷል።

መፍትሔ የተገኘው ጥያቄውን በለወጡት ዘንድ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲው ክላስ ሉንድግሬን የባሕር ሰርጓጅ መርከበኞች ማጨስ በተከለከሉበት ጊዜ ትምባሆ እያኘኩ እንደሚቆዩ ለሊዮ መድኃኒት ኩባንያ ጻፈ። የኩባንያው ኬሚስት ኦቬ ፌርኖ ከዚህ ተነስቶ የኒኮቲን ማስቲካ ሠራ። ብልሃቱ ኒኮቲኑን አይዮን ከሚለዋወጥ ሙጫ ጋር ማያያዝ ነበር፤ በማኘክ ጊዜ የምራቅ ጨዎች የኒኮቲኑን ቦታ እየተኩ ቀስ በቀስ ይለቁታል፣ የተጨመረው ቤዝም በአፍ ቆዳ በኩል እንዲሰርግ ያግዘዋል። ፊልተሮች ሁሉ ጭስ ውስጥ ያላገኙት መለያየት እዚህ ያለ እሳት ተገኘ። ማስቲካው በ1978 በስዊዘርላንድ፣ በ1984 በአሜሪካ ተፈቀደ። ኒኮቲኑ ራሱ ሱስ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል፤ ነው። ነገር ግን የሲጋራ ኒኮቲን በሴኮንዶች ውስጥ አንጎል ሲደርስ የማስቲካው ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ እንደ ሲጋራው የማያስይዘውም፣ እንደ ሲጋራው የማያረካውም በዚሁ ዝግታው ነው። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ይህን ዝግታ ለማሳጠር የመጣ ነው። ቅጠል ስለማያቃጥል ከሲጋራ በእጅጉ ያነሰ መርዝ ይዟል፤ ፍጥነቱን በመለሰ መጠን ግን አጭሶ የማያውቀውን ወጣት የማስያዝ ኃይሉንም መልሷል። እንደ ማስቲካው አድርጎ መቁጠር የማይገባው ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የቆየው፣ ለእኔም ይበልጥ የሚደንቀኝ፣ ሳይቲሲን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትምባሆ ያጡ ወታደሮች የላበርነም ዛፍ ቅጠል ያጨሱ ነበር፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ሳይቲሲን ኒኮቲን የሚያርፍበት የአንጎል ተቀባይ ላይ አርፎ በከፊል ብቻ ያነቃቃዋል፣ ፍላጎቱን ያበርዳል፣ ሲጋራው ቢጨስም ደስታውን ይቀንሳል። ቡልጋሪያ በ1964 «ታቤክስ» ብላ በክኒን ሠራችው፤ ቆይቶ በ2006 የወጣው ቫሬኒክሊንም የእሱ ዝርያ ነው። በ2014 ከኒውዚላንድ የወጣ ጥናት ሳይቲሲን ለ25 ቀን ከወሰዱት 40 በመቶው ከአንድ ወር በኋላ ከማጨስ እንደታቀቡ፣ በማስቲካና በመሰል የኒኮቲን ምትኮች ከታገዙት ግን 31 በመቶው ብቻ እንደታቀቡ አሳይቷል። ይህ ርካሽ ክኒን በምሥራቅ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ሲሸጥ፣ በሌላው ዓለም ያሉ ኬሚስቶች ፊልተር ይበሱ ነበር።